በሐዋሳ ዙሪያ የኮአቲን ዘመድ ፍለጋ፦ የአራት ቀን የጉዞ ማስታወሻ

ኮአቲ የሚባለው የራኩን ዘመድ የሆነ የአሜሪካ የዱር እንስሳ በሐዋሳ የለም። በመላው አፍሪካም በዱር አይገኝም፤ አገሩ ከአሜሪካ አሪዞና ደቡባዊ ጫፍ ጀምሮ በሜክሲኮና በመካከለኛው አሜሪካ አልፎ እስከ ሰሜን አርጀንቲና ይደርሳል። ሆኖም በስልክ በሚዞሩ ቪዲዮዎች ረጅም አፍንጫውንና ቀለበት ቀለበት የተሣለበትን ጭራውን ያየ ሰው ዝም አይልም። አንዱ «ይሄማ ጥርኝ ነው» ይላል፤ ሌላው «የጦጣ ዘር ነው እንጂ» ብሎ ይከራከራል። ይህ ጉዞ የተሰናዳው ያንን ክርክር በሐዋሳና በዙሪያዋ ባሉት እንስሳት ለመዳኘት ነው። ለባዮሎጂ መምህራንና ለተፈጥሮ ክበብ ተማሪዎች ይስማማል። ከ6 እስከ 8 ሰው ይበቃል፤ ከዚያ ሲበልጥ ጫካ ውስጥ ኮቴ ይበዛና የሚታየው ሁሉ ይሸሻል።

ከሚያዙት ዕቃዎች ዋናዎቹ 10 እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ፣ 30 ሳንቲሜትር ማስመሪያ፣ የላስቲክ ጓንት፣ 1 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለው ወንፊት፣ ጥልቀት የሌለው ነጭ ሳፋ፣ የራስ ባትሪ፣ አነስተኛ አካፋና የወረቀት ከረጢት ናቸው። ፌስታል አይሆንም፤ እርጥብ ናሙና ፌስታል ውስጥ ካደረ ይሻግታል። ወቅቱ ከኅዳር እስከ የካቲት ቢሆን ይመረጣል። ክረምት ላይ ዱካው በአንድ ሌሊት ዝናብ ይታጠባል።

የመጀመሪያ ቀን፦ አሞራ ገደል

ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ዓሣ ገበያው በር ላይ መገኘት ነው። ጀልባዎቹ ቆሮሶና አምባዛ ሲያወርዱ አባ ኮዳዎቹ ለአንጀት ይሻማሉ፣ የሰውም ዓይን እነሱ ላይ ይቀራል። የዕለቱ ሥራ ግን ከራስ በላይ፣ ዛፎቹ ላይ ነው። እዚህ ያሉት ጦጣዎችና ጉሬዛዎች ሰው ስለለመዱ ያለ አቅራቢ መነጽር በጥቂት ሜትር ርቀት ይታያሉ፤ እንዲህ ያለ ዕድል ሌላ ጫካ ውስጥ አይገኝም።

አንድ ሰው አንድ እንስሳ ይመርጥና ለ10 ደቂቃ ዓይኑን ሳይነቅል ይከታተላል። በየደቂቃው የት እንዳለ፣ ቅርንጫፉን በምን እንደያዘ፣ ጭራውን ለምን እንደተጠቀመበት ይጽፋል። ሁለት ሰው አንዱን እንስሳ ለየብቻ ቢመዘግብ ኋላ ለማመሳከር ይረዳል። ሥራውን ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ሙዝ ነው፦ አንድ ጎብኚ ሙዝ ባወጣ ቅጽበት መንጋው መሬት ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ የሚመዘገበው የልመና ጠባይ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ምግብ በቦርሳም ቢሆን ይዞ መግባት አይገባም። ንክሻ ወይም ጭረት ከደረሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም በዕለቱ ጤና ጣቢያ መድረስ ያስፈልጋል። የእብድ ውሻ በሽታ ቀጠሮ አይሰጥም።

እንግዲህ ኮአቲም ዛፍ ይወጣል፣ ፍሬ ይለቅማል፣ ቀን ቀን ይንቀሳቀሳል፣ ጭራው ረጅም ነው፣ ሴቶቹና ግልገሎቹም በመንጋ ይሄዳሉ። ይህ ሁሉ ከጦጣ ጋር ያመሳስለዋል። የሚለየው እጁ ነው። ጦጣ ቅርንጫፍ የሚይዘው ጨብጦ ነው፤ የጣቱም ጫፍ የለበሰው እንደ ሰው ያለ ጠፍጣፋ ጥፍር ነው። ኮአቲ መጨበጥ አይችልም፤ ረጃጅም የፊት ጥፍሮቹን ቅርፊቱ ውስጥ እየሰካ ይወጣል። ሲወርድ የኋላ እግሩ ቁርጭምጭሚት ወደ ኋላ ስለሚዞርለት ራሱን ቁልቁል ደፍቶ ይወርዳል። ጭራውም ቅርንጫፍ አይጠመጥምም፤ ሚዛን መጠበቂያ ነው፣ ረጅም ሣር ውስጥ ሲሄዱም ቀጥ አድርገው ስለሚያቆሙት መንጋው እንዳይጠፋፋ ያግዛል። ጉሬዛን ሲመለከቱ አውራ ጣቱን መፈለግ አይዘንጋ፤ በቦታው ያለችው ትንሽ ጉብታ ብቻ ናት። ባለአራት ጣቱ ጉሬዛ ያለ ጥርጥር ከጦጣ ጋር ሲመደብ ባለአምስት ጣቱ ኮአቲ ውጭ ይቀራል፤ የጣት ቁጥር ብቻውን ዘመድ እንደማያወጣ ከመጀመሪያው ቀን መረዳት ለቀጣዮቹ ቀናት ስንቅ ነው።

የስሙ ነገር እዚሁ ቢነሳ ይመቻል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 ጉሬዛን ለሳይንስ ሲመዘግብ የአገሩን ስም እንዳለ ወስዶ ኮሎበስ ጉሬዛ አሰኘው። ኮአቲም ስሙ ከአገሩ ሰው የተወሰደ ነው፤ ምንጩ የብራዚል ነባር ሕዝቦች የሚናገሩት ቱፒ ነው። ቃሉ ቀበቶና አፍንጫ ከሚሉ ሁለት ቃላት እንደተጣመረ ይተነተናል፤ እንስሳው ሲተኛ አፍንጫውን ሆዱ ላይ ሸጉጦ ስለሚጠቀለል ነው ይባላል። ናሱዋ የሚለው ሳይንሳዊ ስም ደግሞ አፍንጫ ከሚለው የላቲን ቃል ወጥቷል። ኮአቲመንዲ የሚባል ሌላ ስምም አለ፤ ብቸኛው ኮአቲ ማለት ነው። ወንዱ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላው ከመንጋው ወጥቶ ለብቻው ይኖራል፣ ወደ ሴቶቹ የሚቀርበው በመራቢያ ወራት ነው። የጥንቶቹ ተመራማሪዎች ይህን ብቸኛ ወንድ ሌላ ዝርያ አድርገው ቆጥረውት ነበር። መንጋውን ሳያውቁ አንዱን ብቻ አይቶ ዝርያ መሰየም የሚያመጣው ጣጣ ይህ ነው።

ሁለተኛ ቀን፦ ወንዶ ገነት

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነስቶ በሻሸመኔ በኩል መግባት ነው። ፍልውኃው ለማታ ይቆይ። ጫካ ውስጥ ናሙና ለመሰብሰብ ፈቃድ አስቀድሞ መያዝ አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የተቋቋመውና ዛሬ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የደን ኮሌጅ እዚሁ ስለሆነ የሚጠየቅ ሰው አይጠፋም።

የዛሬው ተፈላጊ ጥርኝ ነው። የሌሊት እንስሳ በመሆኑ ራሱን ማየት አይጠበቅም፤ የሚፈለገው መጸዳጃው ነው። ጥርኝ ደጋግሞ አንድ ቦታ ላይ ይጸዳዳል፣ ቦታውንም ብዙ ጊዜ ከመንገድ ወይም ከእግር ዱካ አጠገብ ይመርጣል። ስለዚህ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ መግባት አያስፈልግም፤ በጫካና በእርሻ ድንበር ላይ ያለውን የእግር መንገድ ይዞ ግራና ቀኙን 5 ሜትር ያህል መፈተሽ ይሻላል። አጠገቡ ባሉ ግንዶች ላይ ከመሬት 30 እስከ 40 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ጠቆር ያለ ቅባት ካለ ዝባዱን ያሸበት ነው። ሽታው ለብዙ ቀን ይቆያል።

ዓይነ ምድሩ ለእንስሳው ቁመና ትልቅ ነው፤ ውስጡ የፍሬ ዘር፣ የጥንዚዛ ክንፍ፣ ጠጉርና የሺ እግር ቀለበቶች ይታዩበታል። ቀለበቶቹ ትልቅ ምልክት ናቸው፤ ሺ እግር መርዛማ ፈሳሽ ስለሚያወጣ አብዛኛው አራዊት አይነካውም፣ ጥርኝ ግን ይበላዋል። የቀበሮ ዓይነ ምድር ቀጠን ብሎ መንገድ መሐል ለብቻው ይጣላል። የጅብ ደርቆ ነጭ ይሆናል፤ አጥንት ስለሚፈጭ ኖራው ይቀራል። የሸለምጥማጥ ከጥርኝ ጋር ሊምታታ ይችላል፣ ነገር ግን በጣም ያነሰ ነው።

ናሙናው የሚመረመረው እንዲህ ነው። ጓንት አጥልቆ ከክምሩ አንድ ሙሉ ቁራጭ ማንሳት፤ ክምሩን ሙልጭ አድርጎ መውሰድ እንስሳው ቦታውን እንዲተው ሊያደርግ ስለሚችል አይደረግም። ርዝመቱንና ውፍረቱን ሳይነኩ በፊት መለካት። ከዚያ ጥቂት የልብስ ሳሙና በተቀላቀለበት ውኃ 24 ሰዓት መዘፍዘፍ፣ በማግሥቱ ወንፊት ላይ በቀስታ በሚፈስ ውኃ ማጠብና ነጩ ሳፋ ላይ መዘርጋት። ደረቁን መፈርፈር የሚያጓጓ ቢሆንም ክልክል ነው፤ የሥጋ በል እንስሳ ዓይነ ምድር የትል እንቁላል ይይዛል፣ ብናኙም በአፍንጫ ይገባል። ቸኩለው ሳይዘፈዝፉ የሚያጥቡ ደግሞ ጠጉሩና ዘሩ ተጣብቆ ስለሚቀር ከናሙናው ግማሹን እንኳ አያነቡትም።

ኮአቲ ጥርኝ ይመስላል የሚለው ሰው የሚያፍርበት ምክንያት የለም። የእንስሳትን ሳይንሳዊ አሰያየም ያደራጀው ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1766 ባወጣው የሥርዓተ ፍጥረት እትም ሁለቱን ኮአቲዎች፣ የደቡብ አሜሪካውን ናሱዋንና የሰሜኑን ናሪካን፣ ቪቬራ በሚባለው የጥርኞች ወገን ውስጥ ነበር ያስገባቸው። እዚያው ወገን ውስጥ ሙጭልጭላና ሸለምጥማጥም ተደርድረዋል፤ ረጅም ገላ፣ አጭር እግር፣ ሹል አፍ ያለው ሁሉ ተከማችቶበታል ማለት ይቀላል። የኮአቲን የቅርብ ዘመድ ራኩንን ግን ከድብ ጋር መድቦት ነበር። ወንድማማቾቹ በሁለት ቤት ተበታተኑ። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ጎትሊብ ስቶር እ.ኤ.አ. በ1780 ናሱዋ የሚለውን ወገን ለብቻው ሲያወጣ ነው ኮአቲ ከጥርኝ ቤት የወጣው።

ሊኒየስን ያሳሳተው ጥርሱ ሊሆን ይችል ነበር፤ ዛሬም ያሳስታል። የጥርኝ ጥርስ 40 ነው፤ የኮአቲም 40። አደራደሩ ሳይቀር አንድ ነው፦ በእያንዳንዱ የመንጋጋ ግማሽ 3 የፊት ጥርስ፣ 1 የውሻ ክራንቻ፣ 4 የፊት መንጋጋና 2 የኋላ መንጋጋ። የሁለቱም መንጋጋ ፍሬም ነፍሳትም ለማድቀቅ የተሠራ ነው። ምግብ ጥርስን ያቀራርባል፣ ዘር ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

በነገራችን ላይ ጥርኝ ሲነሳ ጅማና አካባቢው መታወሱ አይቀርም። ወንዱ በጠባብ የእንጨት ጎጆ ታስሮ ዝባዱ በማንኪያ እየተፋቀ በቀንድ ተሞልቶ ለሽቶ ሠሪዎች ሲላክ ኖሯል። ዛሬ የሽቶ ኩባንያዎች የሚበዛውን ከቤተ ሙከራ ያገኛሉ፣ ለእንስሳውም የሚበጀው ይኸው ነው። ኮአቲ እንዲህ ያለ የዝባድ ከረጢት የለውም።

ከጀምበር መጥለቅ በፊት የዱካ ንጣፍ ማዘጋጀት ይቀራል። ከመጸዳጃው 3 ሜትር ያህል ርቆ በእግር መንገዱ ላይ 1 ሜትር በ1 ሜትር ቦታ ይጠረግና የተነፋ ደቃቅ አፈር በ1 ሳንቲሜትር ውፍረት ይነሰነሳል። ለአንድ ንጣፍ 10 ሊትር አፈር ይበቃል። አሸዋ ከሐዋሳ ከመሸከም የቦታውን አፈር መንፋት ይሻላል፤ ድካም ይቀንሳል፣ እንግዳ ሽታም አያመጣም። አፈሩ በእጅ ጨብጠው ሲለቁት የጣት መስመር የሚይዝ እርጥበት ሊኖረው ይገባል። ደረቅ ከሆነ ዱካው ይፈርሳል፣ ከረጠበ ደግሞ ቀላል እንስሳ አይታተምበትም። ሦስት ንጣፍ ማድረግ ነው፤ አንዱን ፍየል፣ አንዱን የሰፈር ውሻ ያበላሸዋል ብሎ መገመት አይከፋም።

ሦስተኛ ቀን፦ ንጣፉና ሰንቀሌ

ንጣፍ የሚነበበው ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ሳለ ነው፤ ከጎን የሚመጣ ብርሃን ጥልቀቱን ያሳያል። ቀትር ላይ ያው ዱካ ጠፍጣፋ መስሎ ይጠፋል። ማስመሪያውን አጠገቡ አስተኝቶ ፎቶውን በቀጥታ ከላይ ማንሳት ይገባል፤ አዘቅዝቆ የተነሳ ፎቶ ልኬቱን ያዛባል።

የጥርኝ ዱካ ክብ ቢጤ ሆኖ 5 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ አራት ጣትና የጥፍር ምልክት ይታይበታል። እግሩ ላይ አምስት ጣት ቢኖረውም አምስተኛዋ ከፍ ስለምትል መሬት አትነካም። ውጤቱ የውሻ ዱካ ይመስላል፣ ብዙ ሰውም እዚህ ላይ ይስታል። ጥፍር የሚያሳይ ሁሉ የውሻ ወገን ነው የሚለው ደንብ ለድመትና ለቀበሮ ይሠራል እንጂ ለጥርኝና ለጅብ አይሠራም፤ ሁለቱም ጥፍራቸውን አይሰውሩም፣ ሁለቱም ግን ከድመት በኩል ያሉ ናቸው። ጥርኝ በጣቱ ቆሞ ይሄዳል። ኮአቲ ቢሆን ኖሮ መላ መዳፉን ያሳርፍ ነበር፤ አምስቱ ጣቶችና ከፊታቸው ራቅ ብለው የተወጉ የረጃጅም ጥፍር ነጥቦች ይታተሙ ነበር።

ከዚያ ወደ ሻሸመኔ ተመልሶ በአጄ በኩል ወደ ሰንቀሌ። የዱር እንስሳት መጠለያው የተቋቋመው ስዌይን ቆርኬ ለሚባለው ባለቀንድ የሜዳ እንስሳ ነው፤ ከኢትዮጵያ በቀር ዛሬ በየትም የለም። ለኮአቲው ጥያቄ ቆርኬ የሚጨምረው ነገር የለም፤ እዚያ ድረስ ሄዶ አለማየት ግን ኃጢአት ነው። ጠባቂ ሳይዙ ሜዳው ውስጥ አይገባም።

ለጥያቄያችን የሚጠቅመው ከርከሮ ነው። ሲሮጥ ጭራውን ቀጥ አድርጎ ያቆማል፣ በአፍንጫው አፈር ይገለብጣል። ኮአቲም ጭራውን ያቆማል፤ ወደ የትም አቅጣጫ በሚታዘዘው አፍንጫውም ቅጠልና አፈር እየቆፈረ ነፍሳት ያወጣል። ሁለቱ በዘር ምንም አይገናኙም፤ ከርከሮ ባለሰኮና ነው። ረጅም ሣርና ከአፈር በታች ያለ ምግብ ሁለቱንም አንድ ዓይነት ጠባይ አስተምሯቸዋል።

አራተኛ ቀን፦ ሐይቁና የአጥንት ጠረጴዛው

ጠዋት ጉማሬ። ጀልባ ከነፋሱ በፊት መያዝ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ይናወጣል። የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ሳይለብሱ አለመሳፈር፣ ጉማሬውንና ጥልቁን ውኃ በጀልባ አለመለየት፤ መሸሻ ያጣ ጉማሬ ያጠቃል። ለረጅም ጊዜ የአሳማ ዘመድ ሲባል የኖረው ይህ እንስሳ በዘረመል ምርመራ ከዓሣ ነባሪ ጋር ተጎራብቶ ተገኝቷል።

ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋው የራስ ቅል ነው። የውሻና የድመት ይበቃል፤ ለረጅም ጊዜ ሜዳ ላይ ደርቆ የቆየ ብቻ ይወሰዳል። በቅርብ የሞተ ውሻ ራስ በምንም ምክንያት አይነካም። አጥንቱ ከጉዞው አስቀድሞ ሳሙና ባለው ለብ ያለ ውኃ ለቀናት ይዘፈዘፋል፣ ውኃው በየጊዜው ይቀየራል፤ ለማንጻት 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ መጠቀም ይቻላል። በረኪና አጥንቱን እየበላ ስለሚያፈራርሰው፣ ማፍላትም ስስ አጥንቶችን ስለሚሰነጥቅ ሁለቱም አይደረጉም።

መጀመሪያ ጥርስ ይቆጠራል፦ ውሻ 42፣ ድመት 30። ጅብ 34 አለው፤ ጥርኝና ኮአቲ እንዳልነው 40፣ 40። ቁጥሩ ሲታይ ጥርኝ ወደ ውሻ ይቀርባል። አሁን ቅሉን ገልብጦ ከጆሮ ቀዳዳው ሥር ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት የአጥንት ጉብታዎች ማየት ነው። የተሰበረ ጉብታ ያለው ቅል ከሙሉው ይልቅ ዋጋ አለው፤ ሁሉም ሰው ያማረውን መርጦ ያመጣና በኋላ መጋዝ ይፈልጋል። በስብራቱ በኩል በባትሪ ሲታይ የድመቱ ጉብታ በስስ የአጥንት ግድግዳ ለሁለት ክፍል ተከፍሏል። የውሻው እንዲህ ለሁለት አልተከፈለም። ጥርኝ፣ ሸለምጥማጥ፣ ሙጭልጭላና ጅብ በድመቱ በኩል ይሰለፋሉ። ኮአቲ ከውሻ፣ ከድብና ከራኩን ጋር ወዲያ ማዶ ነው። ሁለቱ መስመሮች ከተለያዩ ከ40 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኗል፤ ዘረመሉም ይህንኑ ክፍፍል አጽንቶታል።

የኮአቲ ቤተሰብ የራኩን ቤተሰብ ይባላል። ራኩን፣ ኪንካጁ፣ ኦሊንጎና እ.ኤ.አ. በ2013 ከኮሎምቢያና ከኢኳዶር ደጋ ደኖች የተመዘገበው ኦሊንጊቶ አሉበት፤ ሁሉም የአሜሪካ ተወላጆች ናቸው። የዚህ ቤተሰብ የቅርብ ጎረቤት ኦተሮችንና ባጀሮችን የያዘው ቤተሰብ ነው። የዚህኛው ቤተሰብ አባላት ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ይኖራሉ። ስለዚህ በአገራችን ለኮአቲ የሚቀርበው መልኩን የሚመስለው ጥርኝ ሳይሆን፣ ንብ አናቢዎች የሚያማርሩት ቀፎ ሰባሪው የማር ባጀር ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ድምቡሽ ያለ፣ ጭራው አጭር።

ይህን ለማረጋገጥ ጊዜ ያለው ቡድን ቀፎ የተሰበረበት ዛፍ ሥር የዱካ ንጣፍ ቢያነጥፍ ጥሩ ነው። የባጀሩ ዱካ አምስት ጣት አለው፣ የፊት ጥፍሮቹም ከጣቶቹ ርቀው ይወጋሉ፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወንዶ ገነት ላይ የታጣው ዓይነት። እዚህ አፈሩ 2 ሳንቲሜትር ቢወፍር ይሻላል፤ ሲሳሳ የመጀመሪያው አጭር ጣት አይታተምምና ዱካው ባለአራት ጣት ሆኖ ይነበባል። ንጣፉ ከግንዱ 3 ሜትር ርቆ፣ ንቦቹ ከገቡ በኋላ በምሽት ይዘጋጃል፤ የሚነበበውም ንብ መውጣት ከመጀመሩ በፊት ነው። ሽቶ የተቀባ ሰው አይቀርብም። አናቢው ግንዱን በቆርቆሮ ጠቅልሎት ከሆነ እንስሳው መውጣት ስለማይችል ሌላ ዛፍ መምረጥ ያስፈልጋል።